ብላስተር ቱ ስትሮክ፦ ሲሞቅ ሚኒሞው ብቻውን ይወጣል፣ ብሎኑም አይሰማም

ሰላም_ከኦሮራ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ኮሎራዶ፣ ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ነው። በቅርቡ ያገለገለ ያማሃ ብላስተር (ባለ አራት ጎማ ሞተር) ገዛሁ፣ የ2003 ሥሪት። 200 ይባላል እንጂ 195 ሲሲ ነው፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ አንድ ሲሊንደር ቱ ስትሮክ።

ችግሩ እንዲህ ነው። ቀዝቃዛ እያለ አንዴ ስመታው ይነሳል፣ ሚኒሞውም (ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበት ዙር) ደህና ነው። ሞቅ ሲል ግን ማንም ሳይነካው ዙሩ ይወጣል። ጋዝ ሰጥቼ ስለቀው ቶሎ አይወርድም፣ እላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል። የካንዴላ ሽቦ ላይ የሚጠመጠም የዙር መለኪያ አለኝ፣ ወደ 7000 ያሳየኛል። የሚኒሞውን ብሎን እስከ መጨረሻው ፈታሁት። ምንም ለውጥ የለም።

የቀድሞው ባለቤት የዘይት ፓምፑን አውጥቶታል፤ እኔ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር 32 ለ 1 እቀላቅላለሁ። ቶርስ የሚባለውንም፣ ጋዙ ሲነክስ እሳት የሚያቋርጠውን፣ ነቅሎታል። አንድ ሱቅ ብወስደው "ካርቡሬተር ይቀየር" አሉኝ። ብር ከማውጣቴ በፊት እስቲ የምታውቁ በሉኝ።

ሁሉን_ሽጠው፦
ሽጠህ ፎር ስትሮክ ግዛ። ተገላገል።

አቧራ_ቬጋስ፦
ይሄ ሰውዬ እያንዳንዱ ክር ላይ ይህንኑ ነው የሚጽፈው፣ እለፈው።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ መለኪያህን እይ። 7000 ሚኒሞ ቢሆን ኖሮ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብህ ነበር። ቱ ስትሮክ በእያንዳንዱ ዙር አንዴ እሳት ይሰጣል። መለኪያው በሁለት ዙር አንድ እሳት ለሚሰጥ ሞተር ተስተካክሎ ከሆነ እጥፉን ያነብልሃል። በአንድ ዙር አንድ እሳት ላይ አድርገውና እንደገና ለካ።

ሰላም_ከኦሮራ፦
እውነትህን ነው። አስተካክዬው አሁን ሲሞቅ 3500 ይላል።

አቧራ_ቬጋስ፦
እሺ። ትክክለኛው 1500 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ አሁንም ከእጥፍ በላይ ነው። እኔ ያማሃ ባንሺ ነው ያለኝ፣ ሁለት ካርቡሬተር፣ ሁለት እጥፍ ራስ ምታት። ግን መንገዱ አንድ ነው።

ከቀላሉ ጀምር። ሞተሩ እየሠራ መሪውን እስከ ጥጉ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙር። ዙሩ ከተቀየረ የጋዙ ገመድ ተወጥሯል ወይም በመጥፎ ቦታ አልፏል። የአውራ ጣቱ ጋዝ መሥራት ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ባዶ ጨዋታ ሊኖረው ይገባል። ከዚያ አጥፋውና የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ በካርቡሬተሩ አፍ ወደ ውስጥ እይ። ስላይዱ (ጋዝ ስትሰጥ ወደ ላይ የሚወጣው መዝጊያ) እስከ ታች ይወርዳል? በፊት ለፊቱ በኩል የተቆረጠው ጎን ወደ ፊልትሮው ማየት አለበት። ሰው ካርቡሬተር አጥቦ ሲገጥም ገልብጦ ያስገባዋል፤ ያኔ ሞተሩ ገና እንደተነሳ ይጮኻል፣ የሚኒሞው ብሎንም ስላይዱን አያገኘውም።

ቾኩንም አትርሳ። በሚኩኒ ካርቡሬተር ላይ ቾክ ማለት የምትስባት የናስ ዘንግ ናት። ጫፏ ላይ ያለችው ጎማ ከተበላች ወይም እስከ ታች ካልተቀመጠች ሁልጊዜ ትንሽ ክፍት ናት ማለት ነው።

ሰላም_ከኦሮራ፦
መሪው ሲዞር ለውጥ የለም። ስላይዱ እስከ ታች ይወርዳል፣ የተቆረጠው ጎንም ወደ ፊልትሮው ነው። የቾኳ ጎማ ደህና ናት።

ካምቢዮ_ሰባሪ፦
የከፍታ ጉዳይ ይሆናል። ዴንቨር ከፍ ያለ አገር ነው፣ አየሩ ስስ ነው። እዚያ ሞተር ሁሉ ያብዳል።

ጋሽ_ቮላኖ፦
ልጄ፣ ተገላቢጦሽ ነው ያልከው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ወደ 15 በመቶ ይሳሳል። አየር ሲያንስ ካርቡሬተሩ የሚሰጠው ነዳጅ ይበዛበታል እንጂ አያንሰውም። ሞተሩ ይደክማል፣ ያጨሳል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። ሚኒሞ አያስጮህም። አዲስ አበባ ከዴንቨርም ትበልጣለች፤ እዚያ በሚኒሞ የሚያጉረመርም ቱ ስትሮክ ሞልቷል። እንዲያውም ዴንቨር ላይ እየተነዳ ነዳጅ ያነሰው ምልክት ማሳየቱ ጥርጣሬዬን ያጠነክረዋል። ከሆነ ቦታ ያልተፈቀደ አየር እየገባ ነው።

የኦሮራው ልጅ፣ አንድ ነገር ሞክርልኝ። ሞተሩ ሞቆ ሲጮህ ቾኩን በቀስታ ሳበው። የሚሆነውን ንገረኝ።

ሰላም_ከኦሮራ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቾኩን ስስበው ዙሩ ወረደ! ወደ 1800 አካባቢ ተረጋጋ። ስመልሰው ተመልሶ ወጣ።

ጋሽ_ቮላኖ፦
በቃ፣ ነገረን። ነዳጅ ስትጨምርለት ተረጋጋ ማለት ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው።

ለምን እንደሚጮህ ልንገርህ፣ ብዙ ሰው ይሄ ግራ ይገባዋል። ጤነኛ ቱ ስትሮክ በሚኒሞ ላይ ነዳጅ ትንሽ ይበዛበታል፣ ከፊተኛው ዙር የቀረ ጭስም ውስጡ አለ። ስለዚህ በየዙሩ በደንብ አይነድም፤ አንዱን ይዘላል፣ አንዱን ያነዳል። ያ "ፓፕ... ፓፕ ፓፕ" የሚለው ድምፅ እሱ ነው። አየር በሌላ መንገድ ሲገባ ድብልቁ ይስተካከልና በየዙሩ መንደድ ይጀምራል። ዙሩ ይወጣል። ስላይዱ ተዘግቶ እያለ ነው ይሄ የሚሆነው፣ ብሎኑን ብትፈታ የማይሰማህ ለዚህ ነው።

አደጋው ሌላ ነው። በዚህ ሞተር ውስጥ ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ነዳጅ አነሰ ማለት ዘይትም አነሰ። ሙቀት ይጨምራል፣ ቅባት ይቀንሳል፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይነክሳል። ስለዚህ እስክናገኘው ድረስ አትንዳው። በጓሮ አስነስቶ መፈተሽ ይበቃል።

ቱ ስትሮክ የሚተነፍሰው በክራንክ ኬዙ፣ ማለትም ክራንክ ሻፍቱ በሚዞርበት ሳጥን፣ በኩል ነው። ከካርቡሬተሩ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ፦ ካርቡሬተሩን የሚይዘው ጎማ፣ የሪዱ (አየር ወደ ውስጥ ብቻ የሚያሳልፈው ስስ ምላስ) ቤት፣ የክራንክ ኬዙ መጋጠሚያ፣ የሲሊንደሩ መቀመጫ፣ በክራንክ ሻፍቱ ግራና ቀኝ ያሉት ኦይል ሲሎች (ዘንጉን ዙሪያውን የሚደፍኑት የጎማ ቀለበቶች)፣ ሁሉም አየር ሊስቡ ይችላሉ። የዘይት ፓምፑ ወጥቷል አልክ። የዘይቱ ቱቦ ይገባበት የነበረው ትንሽ አፍንጫ በምን ተዘግቷል?

አቧራ_ቬጋስ፦
ጋሼ ስለ አፍንጫው ያሉት ወርቅ ነው። ብዙ ሰው ፓምፑን ያወጣና አፍንጫውን ክፍት ይተወዋል፣ ወይም ርካሽ የጎማ ቆብ ይሰካበታል፤ እሱ ደግሞ በሙቀቱ ይሰነጠቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ድንገት ዙሩ አምልጦ ቢወጣ፣ ማጥፊያውም ባይሠራ፣ የነዳጁን መዝጊያ በመዝጋት አትጀምር። ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ እየተሟጠጠ ሲሄድ ድብልቁ ይበልጥ ይሳሳና ዙሩ ይብስ ይወጣል። ፍሬን ያዝ፣ ከፍተኛ ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) ልቀቅ። ታንቆ ይጠፋል። ወይ የካርቡሬተሩን አፍ በወፍራም ጨርቅ ድፈን። እጅህን ግን አትጠቀም።

ከሪያድ_ነኝ፦
እኛ ጋ በበጋ ተመሳሳይ ነገር አየሁ፣ የሰው ማሽን ላይ። ሁሉም "ሙቀቱ ነው" ይላል። ሞቃት አየርም ስስ ነው፣ ጋሼ ስለ ከፍታ እንዳሉት። ሲፈተሽ ሪዱ ጋ ያለው ጋስኬት ተቀዶ ተገኘ።

ሁሉን_ሽጠው፦
ቶርሱን ባይነቅለው ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

አቧራ_ቬጋስ፦
አይ፣ ቶርስ እዚህ አይገባም። ቶርስ ሁለት ስዊቾች ናቸው፤ አንዱ አውራ ጣትህ ጋ፣ አንዱ ካርቡሬተሩ ላይ። ጣትህን ለቀህ ስላይዱ ካልወረደ እሳቱን ያቋርጣል። እዚህ ግን ስላይዱ ወርዷል። ቶርስ ቢኖርም ዝም ነበር የሚለው። የነቀለው ሰው ለምን እንደነቀለ ግን ይገባኛል፤ ሲበላሽ ያለ ምክንያት ሞተሩን ያንተፋትፈዋል። እኔ የራሴን አልነቀልኩም። ገመድ ቢነክስ የሚያድነኝ እሱ ነው።

ሰላም_ከኦሮራ፦
አፍንጫውን አየሁት። ጥቁር የጎማ ቆብ አለው፣ ሲታጠፍ ስንጥቅጥቅ ይላል። አዲስ ገዝቼ በማሰሪያ አጥብቄ ዘጋሁት። ትንሽ ተሻለ። ሲሞቅ ግን አሁንም ይወጣል፣ ወደ 2800።

ጋሽ_ቮላኖ፦
ጥሩ፣ አንዱን ቀዳዳ ዘጋህ። አሁን ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ጎማ ፈትሽ። ብዙ ሰው በብሬክ ማጽጃ ይረጫል። እኔ አልወደውም፤ ትኩስ ማርሚታ አጠገብ ነው፣ ይቀጣጠላል። በአበባ መርጫ ውኃ ይበቃል። ሞተሩ ሲጮህ ጎማው ዙሪያ፣ ማሰሪያዎቹ ሥር፣ ሪዱ ጋ ተራ በተራ ርጭ። ዙሩ ለቅጽበት ከተንገዳገደ እዚያ ነው። አንዱን ቦታ ረጭተህ ቆይ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። በአንዴ ሁሉንም ካረጠብክ ምንም አታውቅም።

ሰላም_ከኦሮራ፦
ጎማው የታችኛው ክፍል ላይ ስረጭ ዙሩ ወደቀና ተመለሰ። ነቅዬ ሳጥፈው ማሰሪያው የሚቀመጥበት ቦይ ውስጥ ስንጥቅ አለ። ከላይ ሲታይ ምንም አይመስልም። አዲስ አዝዣለሁ።

ነርስ_ነኝ፦
ይቅርታ፣ እኔ ሜካኒክ አይደለሁም። ባለቤቴ እንዲህ ዓይነት ሞተር አለው፣ ሁልጊዜ ጋራዣችን ውስጥ ስለምሰማው ነው። እሱ አየር መሳቡን የሚፈትሸው የእኔን የድሮ የደም ግፊት መለኪያ ወስዶ ነው። በእጅ የሚነፋውን፣ ሰዓት ያለውን። ጎማው ተገጥሞ እንኳን ሌላ ቦታ ቢስብ ታገኘዋለህ። ብዙ አበሻ ቤት አንድ አይጠፋም፣ ጎረቤት ጠይቅ።

እና ወንድሜ፣ ሄልሜት። በየጊዜው የማያቸውን ብነግርህ እንቅልፍ አይወስድህም።

ጋሽ_ቮላኖ፦
እህቴ፣ እጅሽን ይባርከው! ይሄን መጨረሻ ላይ ልል ነበር፣ ቀደምሽኝ። ሐዋሳ ጋራዥ እያለሁ ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክሎች ይመጡልኝ ነበር፣ የግብርና ሠራተኞች የሚነዷቸው። ያኔ የነበረን የብስክሌት ፓምፕና ሳሙና ነው። የደም ግፊት መለኪያ ከዚያ እጅግ ይሻላል፣ ምክንያቱም ግፊቱ ትንሽ ነው፣ ሰዓቱም በዚያው ልክ የተሠራ ነው።

የኦሮራው፣ አሠራሩ እንዲህ ነው። ማርሚታውን አውጣና የጭሱን መውጫ በጎማ ድፈን፣ በደንብ አጥብቀው። ካርቡሬተሩን አውጣና በእሱ ቦታ አንድ ድፍን የፕላስቲክ ቧንቧ አስገባ፣ በላዩ ላይ የጎማ ቫልቭ የገባበት። ማሰሪያውን እሰር። ካንዴላው ይግባ። ፒስተኑን ወደ ታች አውርደው፣ ላይና ታች ያለው ክፍል እንዲገናኝ። ከዚያ የመለኪያውን ቱቦ ቫልቩ ላይ ሰካና ቀስ ብለህ ንፋ።

የምትፈልገው 6 ፒኤስአይ ነው፣ የመኪና ጎማ ግፊት በሚለካበት መለኪያ። በደም ግፊት መለኪያው 300 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ማለት ወደ 5.8 ፒኤስአይ ነው፣ የሰዓቱ መጨረሻ ማለት ይቻላል። ከዚያ በላይ አትሂድ። ብዙ ግፊት ደህናውን ሲል ከቦታው ሊያስወጣው ይችላል። በኮምፕረሰር እንዳትሞክረው።

ከዚያ ሰዓትህን ይዘህ ተቀመጥ። በሜካኒኮች ዘንድ የሚሠራበት ልማድ ስድስት ፒኤስአይ ለስድስት ደቂቃ ነው። በደቂቃ ከ1 ፒኤስአይ በላይ ከወረደ፣ ማለትም ከ50 ሚሊሜትር በላይ፣ የሚያስፈልግህ ሳሙና ነው፤ አረፋ ያወጣው ቦታ ነው ቀዳዳው።

ካምቢዮ_ሰባሪ፦
ጋሼ፣ ክላች በኩል ያለው ሲል ቢሆንስ? እሱ እኮ ውስጥ ነው፣ ሳሙና አይደርስበትም።

ጋሽ_ቮላኖ፦
ጥሩ ጠየቅክ። እሱ ሲበላሽ መልኩም ይለያል። የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ዘይት ነው የሚስበው። ነጭ ጭስ ይበዛል፣ ካንዴላው በዘይት ይርሳል፣ የካምቢዮው ዘይት ሳይንጠባጠብ ይጎድላል። ለመፈተሽ ከካምቢዮው መተንፈሻ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክተህ ጫፉን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ክተት። ስትነፋ ውኃው ከፈላ ያ ሲል ነው።

የግራው፣ ቮላኖው (ክራንኩ ጫፍ ላይ የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) በኩል ያለው፣ ደረቅ ነው። ዘይት የለበትም፣ ንጹሕ አየር ነው የሚስበው። ስለዚህ ጭስ አያሳይም፣ ሚኒሞ ብቻ ያስጮሃል። አንተ ስለ ጭስ አልነገርከኝም።

ሰላም_ከኦሮራ፦
ጋሼ፣ ጭስ የለም። አዲሱ ጎማ ደረሰ፣ ገጠምኩት። ሚኒሞው ረጋ ብሎ ነበር፣ ግን በደንብ ሲሞቅ አሁንም ቀስ ብሎ ይንጠለጠላል። የደም ግፊት መለኪያውን አክስቴ ሰጠችኝ። አጎቴ "ልጁ ሞተሩን ደም ግፊት ያዘው እንዴ" እያለ ይስቃል።

የቱቦዎቹን መጋጠሚያ ሁሉ በሳሙና አየሁ፣ መደፈኛዎቹ አይስቡም። 300 ላይ አድርሼ ለቀቅኩት። ደቂቃ ሳይሞላ ከ200 በታች ወረደ። ጎማው ደህና ነው። ሪዱ ደህና ነው። የሲሊንደሩ መቀመጫ ደህና ነው። ካምቢዮው ውኃ ውስጥ አንድ አረፋ አላወጣም። የቮላኖውን ሽፋን አውጥቼ መሐሉ ላይ ሳሙና ስረጭ ግን ፊዚዝዝ፣ አረፋው ከቮላኖው ጀርባ እየወጣ ነው።

ጋሽ_ቮላኖ፦
እሰይ። አገኘኸው።

አቧራ_ቬጋስ፦
እንኳን ደስ አለህ፣ ያንን ካርቡሬተር ገዝተህ ቢሆን ኖሮ ይኸው ጩኸት ነበር የሚጠብቅህ። አሁን ቮላኖውን በመዶሻ እንዳትነካው። ማውጫ መሣሪያ ግዛ፣ ለብላስተር የሚሆነውን። ክራንኩ የተገጣጠመ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ አጥብቀህ ከመታኸው ይጣመማል። ከዚያ ዕድሜ ልክ መንቀጥቀጥ ነው።

ጋሽ_ቮላኖ፦
ሲሉን ከማውጣትህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። ቮላኖው ከወጣ በኋላ የክራንክ ሻፍቱን ጫፍ ያዝና ወደ ላይና ወደ ታች ግፋው። ከተንቀሳቀሰ ኩሺኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ቤሪንግ) አልቋል። ያኔ አዲስ ሲል ብታስገባም ብዙ ሳይቆይ ይበላዋል፣ ሞተሩ መከፈት አለበት። ካልተንቀሳቀሰ ሲሉን ብቻ ቀይር።

አሮጌውን ስታወጣ ዘንጉን እንዳትጭረው፣ ካቻቪቴ ይዘህ አትንጎራጎር። ዘንጉ ላይ ሲሉ የሚያርፍበት ቦታ በጣትህ ዳሰው፤ ቦይ ከተሰማህ አዲሱን ሲል ትንሽ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ አሳርፈው፣ አዲስ ቦታ ላይ እንዲነካ። የሲሉን ከንፈር ግሪስ ቀባ። ስፕሪንግ ያለበት ጎን ወደ ክራንክ ኬዙ ያያል። ቀጥ ብሎ ይግባ፣ ሰፋ ባለ ሶኬት ቀስ እያልክ ግፋ። ቮላኖውን ስትመልስ ትንሿን ቁልፍ፣ ግማሽ ጨረቃ የምትመስለውን፣ ቦታዋ ላይ መሆኗን እይ። ዳዶውን በቶርክ መፍቻ እሰር። ከዚያ ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት ግፊቱን እንደገና ለካ።

ሁሉን_ሽጠው፦
ፎር ስትሮክ ውስጥ ይሄ ሁሉ የለም እኮ።

አቧራ_ቬጋስ፦
አዎ፣ ቫልቭ ማስተካከል አለ። ሂድ።

ሰላም_ከኦሮራ፦
ተመለስኩ። ክራንኩ አይነቃነቅም። አሮጌው ሲል እንደ ፕላስቲክ ደርቋል፣ በጥፍር ሲጫን አይሰምጥም። አዲሱን እንዳሉት ገጠምኩ። ግፊቱ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ከ290 በታች አልወረደም!

አስነሳሁት። የሚኒሞው ብሎን አሁን ይሰማል። 1500 ላይ አስቀመጥኩት፣ ሞቆም እዚያው ነው፣ ጋዝ ስለቅ ወዲያው ይወርዳል። የአየሩ ብሎን አንድ ተኩል ዙር ላይ ነው።

ግን አዲስ ነገር መጣ። ሙሉ ጋዝ ስሰጠው እየተንተፋተፈ ያጨሳል፣ አይጎትትም። በፊት እንዲህ አልነበረም።

ጋሽ_ቮላኖ፦
የጠበቅኩት ነው። ያ የሸጠልህ ሰው አየር እየሳበ እያለ ትልቅ ሜይን ጄት (በሙሉ ጋዝ ነዳጁን የሚመጥነው ባለ ቀዳዳ ብሎን) አስገብቶ ሸፍኖታል። ቀዳዳው ሲዘጋ ነዳጁ ተረፈ። ዴንቨር ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፣ ይብሳል። አሁን ነው የከፍታው ነገር የሚመጣው፣ ያኔ ያ ልጅ ያነሳው።

ጄቱን አውጣና ቁጥሩን እይ። ከዚያ አንድ ደረጃ እያነስክ ሂድ፣ ሁለት ደረጃ በአንዴ አትዝለል። በየመሐሉ አዲስ ካንዴላ አስገብተህ በሙሉ ጋዝ ትንሽ ንዳና፣ ጋዙን ሳትመልስ ማጥፊያውን ተጭነህ፣ ፍሪሲዮን ይዘህ አቁመው። ካንዴላውን እይ። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቀንስ። የቡና ቀለም ሲመጣ ቁም። ወደ ነጭ ሲያደላ አንድ ደረጃ መልስ። እዚያው አካባቢህ ለካ፤ የምትነዳው ራምፓርት ሬንጅ ተራራ ላይ ወጥተህ ከሆነ ደግሞ ከፍታው ከዴንቨር ስለሚበልጥ እዚያ ያነሰ ቁጥር ሊፈልግ ይችላል። ዴንቨር ተመልሰህ ስትነዳ ግን ትልቁን ቁጥር መልሰህ አስገባ፣ የተራራውን ጄት ይዘህ ወደ ታች አትውረድ።

ሰላም_ከኦሮራ፦
ገባኝ ጋሼ። ጄቶቹን ዛሬ አዛለሁ። ቁጥሩን ሳገኝ እዚሁ እጽፈዋለሁ፣ ለሌላ ሰው ይጠቅማል። ነርስ_ነኝ፣ አንቺንም አመሰግናለሁ፣ ሄልሜቱንም ገዝቻለሁ።

ነርስ_ነኝ፦
ጎሽ። መለኪያውን ለአክስትህ ስትመልስ ግን በደንብ አጥበህ ስጣት፣ ቤንዚን የሸተተ ነገር ክንድ ላይ አይታሰርም።